ቡሬት ቢሳሳት ተማሪ አይሳሳትም

ስለ ኬሚስትሪ ተማሪ ሲወራ የሚነሳው የፈተናው ክብደት ብቻ ነው። የላብራቶሪ ሪፖርት ችሎታውን ግን ማንም አያነሳለትም። እኔ ዛሬ እጅ ልነሳለት ነው።

ቲትሬሽንን እንውሰድ፤ አንድ አሲድ ምን ያህል እንደሆነ ቤዝ እያንጠባጠቡ የሚለኩበት ሙከራ ነው። የዋሁ ተማሪ ፊኖልፍታሊኑ (ቀለም የሚቀይረው ጠቋሚ) ፈዘዝ ያለ ሮዝ እስኪያሳይ ድረስ ቡሬቱ (ቁጥር የተጻፈበት ባለ ቧንቧ ረጅም ቱቦ) ሥር ተገትሮ በጠብታ በጠብታ ያንጠባጥባል። አንዲት ጠብታ፣ 0.05 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ ካመለጠችው እንደገና ከሀ ይጀምራል። ያሳዝናል። የኛ ሊቅ ግን ሦስት ጊዜ መሠራት ያለበትን አንዴ ይሞክራል፣ ፍላስኩ በደማቅ ሮዝ ቦግ ይልበታል፣ ከዚያ ደብተሩን ገልጦ 24.50፣ 24.55፣ 24.50 ሚሊ ሊትር ብሎ ይጽፋል። ልብ በሉ፣ ሦስቱንም እኩል አላደረገም። ያቺን 0.05 ጣል ማድረግ ነው ጥበቡ። ሦስቱንም አንድ ዓይነት የሚጽፍ ገና ጀማሪ ነው።

አስፕሪን የተሠራ ቀን ደግሞ ተአምር አለ። ምርቱ ሲመዘን ሊገኝ ከሚችለው 118 በመቶ ሆኖ ይመጣል። ውሃው አብሮ ተመዝኖ ነው እንጂ ከምንም የተፈጠረ ነገር የለም። አድርቆ መመዘን ጊዜ ይፈጃል፤ እስክሪብቶ ግን በአንድ ጊዜ 87 በመቶ ድረስ ያደርቀዋል። መቅለጫ ነጥቡስ? መጽሐፉ 135 ዲግሪ ካለ እሱ 134.5 ይላል። ከመጽሐፍ መብለጥ ነውር ነዋ!

ይህ ጥበብ ቀድሞ ስላልተስፋፋ የመጣብንን ጣጣ ደግሞ ስሙ። ሎርድ ሬይሊ የተባሉ እንግሊዛዊ የፊዚክስ ሊቅ ናይትሮጅን ይመዝኑ ነበር። ከአየር ያገኙት ናይትሮጅን ከአሞኒያ ካወጡት በትንሹ ከበደባቸው። ልዩነቱ ግማሽ በመቶ ያህል እንኳ ቢሆን ነው። የኛ ሰው ቢሆን አማካዩን ወስዶ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር። እሳቸው ግን ግግም አሉ። ደጋግመው መዘኑ። ቢቸግራቸው እ.ኤ.አ. በ1892 ለአንድ የሳይንስ መጽሔት ደብዳቤ ጽፈው «ምክንያቱን የምታውቁ ንገሩኝ» እስከማለት ደረሱ። አያፍሩም! ኬሚስቱ ዊልያም ራምዚም ነገሩ ውስጥ ገቡ፤ በ1894 ከአየሩ ናይትሮጅን ጋር ተደባልቆ ሲያከብደው የነበረ አርጎን የሚባል ጋዝ ይዘው ብቅ አሉ። ራምዚ እዚያም አላበቁም፤ ኒዮን፣ ክሪፕቶን፣ ዜኖን እያሉ ቀጠሉ። በ1904 ሁለቱም ኖቤል ተሸለሙ፣ ሬይሊ በፊዚክስ፣ ራምዚ በኬሚስትሪ። ለኛ የተረፈን ምንድን ነው? በፔሪዮዲክ ቴብሉ (በንጥረ ነገሮች ሰንጠረዥ) ላይ አንድ ሙሉ ዓምድ ተጨማሪ ሽምደዳ። ያኔ አንድ አስተዋይ ተማሪ አጠገባቸው ቢኖር ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር።

«የስህተት ምንጮች» የምትለዋን የሪፖርቱን ክፍልም ሳላደንቅ አላልፍም። ያልተሠራ ሙከራ ስህተቱ ተተንትኖ ይቀርባል። «ሚዛኑ በሚገባ አልተስተካከለም፣ የንባብ ስህተትም ሊኖር ይችላል» ትላለች፣ ዓምናም እንዲሁ ነበር ያለችው። ከሲኒየር ወደ ጁኒየር ስትተላለፍ አንድ ፊደል እንኳ አይጎድልባትም። በየዓመቱ የሚገለበጠው ይኸው ነው፣ የፊደል ግድፈቱ ሳይቀር።

ይህ ሁሉ ግን ያለ አራሚው ድጋፍ አይሆንም ነበር። ማርኩን የሚሰጠው ለአሠራሩ ሳይሆን መጽሐፉ ውስጥ ካለው መልስ ጋር ለተጠጋ ቁጥር ነው። ባለ 24.50ው ከ10 ዘጠኝ ተኩል ያገኛል። ፈሳሹ አምልጦኝ 26.30 አነበብኩ ብሎ ያየውን የጻፈው አራት ያገኛል፤ ከሥሩም በቀይ «ጥንቃቄ ይጎድልሃል» ተብሎ ይጻፍለታል።