ወላጅ የሚታወሰው ለክፍያ ብቻ ነው እንዴ?

የካቶሊክ ትምህርት ቤቶቻችን ወላጅን የሚጠሩት መቼ ነው? ክፍያ ሊጨምር ሲል፣ ልጅ ሲያጠፋ፣ ካርድ ሲሰጥ። በቃ! እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው የቤተ ክርስቲያኒቱ ሕግ ቀኖና 796 ግን መምህራን ወላጆችን በፈቃደኝነት እንዲሰሙ፣ የወላጆች ማኅበር ወይም ስብሰባ እንዲቋቋምና ትልቅ ክብር እንዲሰጠው ያዛል።

ስብሰባው ራሱ ያበግናል። ማክሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ይጠራል፤ ተቀጣሪው አለቃውን ፈቃድ ይለምናል፣ ጉልት የምትቸረችረው እናት የቀን ገቢዋን ትተዋለች። አጀንዳው የሚሰማው አዳራሽ ከተገባ በኋላ ነው። ሁለት ሰዓት ሙሉ ንግግር፣ ከዚያ «ሰዓት ስለሄደ ሁለት ጥያቄ ብቻ»። ጥያቄው ቃለ ጉባኤ ላይ ይሰፍራል፣ መልሱን የሚናገር የለም። በዓመቱ ወላጅ ሲቀር ደግሞ «ወላጅ ለልጁ ግድ የለውም» ይባላል። ኧረ በማን ምክንያት?

የመገናኛ ደብተሩስ? «ልጅዎ ይረብሻል፣ ይፈርሙ።» በየትኛው ክፍለ ጊዜ? ከማን ጋር ተቀምጦ? እንዲህ ያለ መልእክት የሚያስከትለው ቤት ውስጥ ዱላ ነው። «ከምሳ በኋላ ሒሳብ ላይ ያንቀላፋል፤ ማታ ስንት ሰዓት ይተኛል?» ተብሎ ቢጻፍ እኮ ወላጅ የሚመልሰው ነገር ያገኛል።

ብዙው ወላጅ ኦርቶዶክስ ወይም ሙስሊም መሆኑም ይዘነጋል። ልጁ ግብረ ገብ ላይ ምን እንደሚማር መስከረም ላይ ቁጭ ብሎ የሚያስረዳው ይፈልጋል።

እባካችሁ ቅዳሜ ጥሩን። አጀንዳውን ከሳምንት በፊት በቴሌግራም ላኩ፣ ግማሹን ሰዓት ለጥያቄ ተዉ፣ ያለፈው ስብሰባ ጥያቄዎች የት እንደደረሱም መጀመሪያ ንገሩን።