ከደረሰኙ ግርጌ ያለች ዓረፍተ ነገር

በቨርጂኒያ በኖርኩባቸው ዓመታት ስለ ደንበኛ አያያዝ ከሁሉ በላይ ያስተማረኝ አንድ ርካሽ የኤሌክትሪክ ውኃ ማፍያ ነው። በተገዛ በሳምንቱ ከሥሩ ማንጠባጠብ ጀመረ፤ ደረሰኙን ጥዬው ስለነበር ክርክር ይገጥመኛል ብዬ መልስ እያዘጋጀሁ ወደ መደብሩ ሄድኩ። ሠራተኛዋ ግን የከፈልኩበትን ካርድ ተቀብላ ግዢውን ከኮምፒዩተሯ አገኘችው፤ ስለተንገላታሁ ይቅርታ ጠይቃኝ ገንዘቤን መለሰችልኝ። ከዚያ ወዲህ የቤት ዕቃ ባስፈለገኝ ቁጥር እግሬ የሚያመራው ወደዚያው ነው።

ባለፈው ክረምት አዲስ አበባ ሄጄ ለእናቴ ተመሳሳይ ማፍያ ገዛሁላት፤ በማግስቱ አልሞቅ አለ። ደረሰኙን ይዤ ስመለስ ሻጩ ወጣት ከግርጌው በማኅተም የተመታችውን ዓረፍተ ነገር በጣቱ አሳየኝ፦ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም።»

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የደረሰው ሸማች እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል፤ ማኅተሟ ግን ዛሬም በየሱቁ ትመታለች። በአንጻሩ አሜሪካ ውስጥ፣ ዕቃው ደህና ሆኖ ሳለ ሐሳቡን ብቻ ለለወጠ ገዢ መደብሮች ገንዘብ እንዲመልሱ የሚያስገድድ አጠቃላይ የፌዴራል ሕግ የለም፤ ብዙዎቹ በገዛ ፈቃዳቸው የሚመልሱት ደንበኛ ማጣት ከአንድ ዕቃ ዋጋ በላይ እንደሚጎዳቸው ስለሚያውቁ ነው።

«እኛ ዘንድ ደንበኛ መያዝ አይታወቅም» የሚሉ ወዳጆች አሉኝ፤ በዚህ አልስማማም። በዚያው ዕለት ማምሻውን ዳቦ ልገዛ ብሄድ፣ የእናቴን ዱቤ በደብተር የሚመዘግበው የሰፈራችን ባለሱቅ «የትናንቱ ደረቅ ነበር፤ እትዬን ይቅርታ በልልኝ» ብሎ ማንም ሳይጠይቀው ሁለት ዳቦ መረቀልኝ። እናቴን በስም ያውቃታል፤ ነገም ከደጃፉ እንደምትቆም ያውቃል፤ ዳቦውም የራሱ ስለሆነ ለመጨመር የማንንም ፈቃድ አይጠብቅም። ንግዱ አድጎ ባለቤቱ ከባንኮኒው ሲርቅ የሚጎድለው ይህ ነው። የቨርጂኒያዋ ሠራተኛም ተቀጣሪ ነበረች፤ ነገር ግን የተበላሸውን እዚያው እንድታስተካክል አሠሪዎቿ ሥልጣን ሰጥተዋታል፤ ኪሳራውንም ራሳቸው ይሸከማሉ። የእኛ ባለሀብቶች ለመስታወቱና ለመብራቱ የሚያወጡትን ያህል ለዚህ ቢያስቡ ምንኛ በወደድኩ። ማፍያውን ይዤ ልወጣ ስል ያ ወጣት ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያለኝ ከልቤ አልወጣም፦ «ጋሼ፣ ብቀይርልዎት ከደመወዜ ይቆረጥብኛል።»