«ራዳር ቆርቆሮ ነው» ላሉን ሰውዬ

ባለፈው እሑድ ደሴ፣ ጎረቤቴ ቤት፣ አቦሉ ሳይቀዳ ሬዲዮው ነገሬን አበላሸው። «የወታደራዊ ጉዳዮች ተንታኝ» ተብለው የቀረቡ ሰው፣ «ስቴልዝ አውሮፕላን ከመጣ ወዲህ ራዳር ቆርቆሮ ነው። የማይታይን ነገር ምን ታደርገዋለህ? ድሃ አገር ለራዳር የሚያወጣው ብር ውኃ የበላው ነው» አሉ። ጋዜጠኛውም አመስግኖ አሰናበታቸው።

የማይታይ! ሰውዬው የሚያወሩት ስለ አውሮፕላን ነው ወይስ ስለ ዛር? ስቴልዝ ማለት ቅርጹ የራዳርን ሞገድ ወደ ጎን የሚበትን፣ ቅቡ ደግሞ የተረፈውን የሚውጥ አውሮፕላን ነው። ከሩቅ ይታይ የነበረው ቀርቦ ይታያል፤ በቃ። ያውም ቅርጹ የታሰበው በዋናነት ሚሳኤል ለሚመሩት አጭር ሞገድ ራዳሮች ነው። ሜትር በሚያክል ሞገድ የሚሠሩት አሮጌዎቹ የተሻለ ያዩታል። ማርች 27 ቀን 1999 እ.ኤ.አ. ሰርቢያ ላይ የአሜሪካን ኤፍ-117 ስቴልዝ አውሮፕላን የጣለው ምን ሆነና? በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሥራ የጀመረ የሶቪየት ኤስ-125 ሚሳኤል ነው። አዛዡ ዞልታን ዳኒ ራዳሩን ለጥቂት ሰኮንድ አብርቶ ያጠፋል፣ ቦታም ይቀያይራል። (ጡረታ ሲወጣ ዳቦ ጋጋሪ ሆነ እንጂ ተንታኝ አልሆነም።)

እኔን ያንገበገበኝ ግን ራዳርን ስለሚያሞኘው ማታለያ አንድ ቃል አለመነሳቱ ነው። በቃሉ ወረዳ ቆላ የማሽላ ማሳ የጠበቀ ልጅ ይህን ከተንታኙ በላይ ያውቀዋል። ማማ ላይ ወንጭፍ ይዘህ ቆመሃል፤ ድንጋይህ የተቆጠረ ነው። ኮሽ ባለ ቁጥር ከወነጨፍክ፣ ግሪሳው በመንጋ ሲመጣ ባዶ እጅህን ነህ። የአየር መከላከያው ጣጣ ደግሞ ይብሳል። ራዳር ያበራ ማለት ጨለማ ውስጥ ፋኖስ የያዘ ሰው ነው፤ አየሁ ሲል ይታያል። እስራኤል በ1982 እ.ኤ.አ. ሊባኖስ ውስጥ ቤካ ሸለቆ ላይ የተጫወተችው በዚህ ነው። ሰው አልባ አውሮፕላኖች አስቀድማ ሰደደች። ሶርያውያኑ የጦር ጄት መስሏቸው ራዳር አበሩ፣ ሚሳኤል ተኮሱ፤ ያበራ ሁሉ ተመታ። 19 ከሚሆኑት የሚሳኤል ምድቦች አብዛኞቹ በሰዓታት ውስጥ ዶግ አመድ ሆኑ። በዚያ ሰማይ ላይ ስንት ስቴልዝ ነበረ? አንድም!

እሺ፣ በ1991 እ.ኤ.አ. ባግዳድን ከደበደቡት ኤፍ-117ዎች አንድም አልወደቀም፤ ይህን እሰጣለሁ። ግን በጦርነቱ የመጀመሪያ ሌሊት አሜሪካ የኢራቅን ራዳሮች ለማስበራት ማታለያ ድሮኖች ለቅቃ ነበር። በ2025 ጁን ኢራንን የመቱት ሰባቱ የአሜሪካ ስቴልዝ ቦምብ ጣዮች፣ ቢ-2ዎችስ? እነሱ ድምፃቸውን አጥፍተው ወደ ምሥራቅ ሲበሩ፣ ሌሎች ቢ-2ዎች የዓለምን ዓይን ይዘው ወደ ፓስፊክ እንዲሄዱ ተደረገ። ለማይታይ ነገር ማዘናጊያ ምን ይሠራለታል?

ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ፣ የቀይ መስቀል ምልክት ያለበትን ሐኪም ቤት ሳይቀር ሲመቱ፣ ጃንሆይ ራሳቸው ፀረ አውሮፕላን መትረየስ ይዘው ተኩሰዋል። ያኔ ራዳራችን ጆሯችን ነበር፤ ድምፁ ሲሰማ ቦምቡም ደርሷል። ለዚህ ከተማ ሰው፣ በእሑድ ቡናው ላይ፣ «ዓይን አያስፈልግህም» ይሉታል። ሰውዬው ተመልሰው ከመጡ ጋዜጠኛው ከማመስገኑ በፊት ስለ ፓስፊኮቹ ቢ-2ዎች ይጠይቅልን።