«ኮቦት ሰው አይጎዳም» ለምትሉ፣ ትንሽ እርማት

ኮቦት ማለት ከሰው ጎን ሆኖ እንዲሠራ የተሠራ የሮቦት ክንድ ነው። ስለሱ ከተለጠፈው ቪዲዮ ስር ብዙዎቻችሁ «ኮቦት ሰው ሲነካ ራሱ ይቆማል፣ አጥር ምናምን አያስፈልገውም» ብላችኋል። ግማሹ ልክ ነው። ክንዱ ግፊት ሲሰማው እንዲቆም ተደርጎ ነው የሚሠራው። ግን የሚቆመው ከነካ በኋላ ነው። ምን ይዞ እንደነካ ደግሞ ለብቻው ይታያል።

እኔ የምውለው አቃቂ ቃሊቲ፣ ብረታ ብረት ቤት ነው። ገና የተቆረጠ ላሜራ ጠርዙ ምላጭ ነው፤ ጓንት ይበጣል። እሱን ለኮቦት አስይዙትና ፊታችሁን አስጠጉ እስቲ! ክንዱ ቀስ ብሎ ቢመጣም ላሜራው ይቆርጣል። ይህን ሳያይ አጥር የነቀለ ባለቤት ሠራተኛውን ነው የሚያስጎዳው።

በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣው አይኤስኦ/ቲኤስ 15066 የሚባለው የኮቦት ደህንነት ዓለም አቀፍ ሰነድ፣ ክንዱ ሰውን ሲጫን ኃይሉ እስከ ስንት እንደሚፈቀድ ለየአካል ክፍሉ ያስቀምጣል። ለእጅና ለጣት 140 ኒውተን፣ ለፊት ግን 65 ብቻ፤ 6 ኪሎ ተኩል ገደማ ሲጫናችሁ እንደማለት ነው።

ማረጋገጥ የሚፈልግ የማሽኑን መመሪያ ይክፈት። ገዥው ወይም ገጣጣሚው የአደጋ ስጋት ግምገማ መሥራት እንዳለበት ተጽፎ ያገኘዋል። ሻጩንም «ዕቃ የሚጨብጠው መያዣ ክንዱ ላይ ተገጥሞ፣ ዕቃው ተይዞ፣ በምንሠራበት ፍጥነት ኃይሉ ተለክቷል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁት። ባዶ ክንድ የተለካበትን ወረቀት ካሳያችሁ፣ ገና አልተለካም።