ከሐምሌ ሥላሴ ቀጥሎ ያለው ምዕራፍ

ወገኖቼ፣ ዛሬ ቁጣዬ ከእናንተ ጋር ነው። ከራሴም ጋር፤ እኔም ጌይ በሚባሉ ልጆች ላይ ለዓመታት አብሬያችሁ ስቄአለሁና።

ሐምሌ 7 ሥላሴን እናነግሣለን። አብርሃም ድንኳኑ ደጃፍ ተቀምጦ ሳለ ሦስት እንግዶች ሲመጡ ሮጦ ተቀበላቸው። ለእግራቸው ውኃ አስመጣ፣ ጥጃ አሳረደ። ዘፍጥረት 18 ነው። ይህን እያሰብን በየቤቱ ጠበል ጸዲቅ ይቀመሳል፤ ዝናብ ያባረረውን መንገደኛ ሳይቀር "ግባ፣ የሥላሴ ነው" እንለዋለን። ደስ የሚል በዓል ነው።

ገጹን ስንገልጥ ግን ምዕራፍ 19 ይመጣል። ሰዶም። ከዚህ ምዕራፍ የቀረችን አንዲት ቃል ናት፤ እሷንም ስድብ አድርገናታል።

እስቲ ቀስ ብለን እናንብበው። ከሦስቱ እንግዶች ሁለቱ ወደ ከተማዋ ገቡ። ሎጥ ለምኖ ቤቱ አስገባቸው። ሳይተኙ የከተማው ወንድ ሁሉ፣ ሕፃን ሽማግሌ ሳይል፣ ቤቱን ከበበ። "አውጣቸው!" አሉ። በሩን ሊሰብሩ ተጋፉ። ያሰቡት አስገድዶ መድፈር ነው፤ እንግዳን ማዋረድ። ሁለት ሰዎች ተዋደዱ የሚል ነገር በምዕራፉ ውስጥ የለም።

አሁን ወደ ነሐሴ 2015 እንምጣ። ቲክቶክ ላይ የሆነውን አትረሱትም። ጌይ ናቸው የተባሉ ልጆች ፎቶና ስም ይለጠፍ ነበር። "ግረፏቸው" የሚል ነበር። "ውጓቸው" የሚልም። የፕሮፋይል ፎቶው ላይ ቅዱስ ሥዕል አድርጎ "የት ነው የሚኖረው? አውጡልን" የሚል ሰው አላጣሁም። እና ልጠይቃችሁ፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ በሩን የከበበው ማን ነው?

ነቢዩ ሕዝቅኤልም የሰዶምን ኃጢአት ዘርዝሮታል፤ ምዕራፍ 16 ቁጥር 49። ትዕቢት፣ ጥጋብ፣ ሥራ መፍታት፣ የድሀውን እጅ አለማበርታት። ጌታም ሐዋርያቱን ሲልክ፣ እናንተን ከማትቀበል ከተማ ይልቅ በፍርድ ቀን ለሰዶም ይቀልላታል አለ። እንግዳን ስለ መቀበል ነበር የሚያወራው።

አውቃለሁ፣ አሁን ዘሌዋውያን 18ን፣ ሮሜ 1ን፣ አንደኛ ቆሮንቶስ 6ን ትጠቅሱልኛላችሁ። አሉ፤ የሉም አላልኩም። ቆሮንቶስ ላይ ያለው የግሪክ ቃል ምን ያህል እንደሚሸፍን ሊቃውንት ይከራከራሉ። ወንድ ከወንድ ጋር የሚያደርገውን ሁሉ ነው የሚሉ አሉ፤ ጌታ ባሪያውን፣ ትልቅ ሰው ብላቴናውን የሚያረክስበትን ነው የሚሉም አሉ። ሁለተኞቹ ይበልጥ ያሳምኑኛል። ግን ግሪክ ስለማላውቅ ዳኛ አልሆንም። አማርኛ ግን አነባለሁ። ያንኑ ጥቅስ እስከ መጨረሻው አንብቡት። ሌቦች አሉ። ገንዘብን የሚመኙ አሉ። ሰካሮች አሉ። ከዚያ "ተሳዳቢዎች" ይላል። እናንተ ኮሜንት ሥር "ቡሽቲ" ብላችሁ የምትጽፉ፣ ስማችሁ እዚያው ዝርዝር ውስጥ ነው። ሮሜም ቢሆን ምዕራፍ 1 ላይ አይቆምም። ጳውሎስ ደብዳቤውን በምዕራፍ አልከፈለም፤ ቀጥሎ የሚለው "አንተ የምትፈርድ ሰው ሁሉ ሆይ፥ የምታመካኘው የለህም" ነው።

ቤተ ክርስቲያን ማንን እንደምታጋባ የምትወስነው ራሷ ናት። መካነ ኢየሱስ በ2005 ዓ.ም. ከስዊድን ቤተ ክርስቲያንና ከአሜሪካዋ ወንጌላዊት ሉተራን ጋር የነበራትን የቆየ ኅብረት በተመሳሳይ ፆታ ጋብቻ ጉዳይ ቆርጣለች። ኦርቶዶክሱም አቋሙ ግልጽ ነው። (በስንቱ ነገር የማይስማሙት በዚህ ተስማሙ!) የዛሬው ንግግሬ ስለ ተክሊል አይደለም። ስለ ልጆቻችሁ ነው።

አብሮኝ ሰንበት ትምህርት ቤት ያደገ ልጅ ነበር። ከበሮ ሲይዝ ሽማግሌ ሁሉ ያሸበሽብ ነበር። አንድ ቀን ስልኩን ሰው ከፈተበት። በሳምንቱ ሰፈሩ ሁሉ አወቀ። ቤተሰቦቹ ጠበል ወሰዱት፤ ሁለት ሱባኤ ተጠመቀ። የጮኸ ሰይጣን አልነበረም። ቀጥሎ የመጣው ምክር "ሚስት አምጡለት፣ ይተወዋል" የሚል ነው።

ይህን የምትመክሩ እናቶችና አባቶች፣ ያቺ የምታመጡለት ልጅ የማን ልጅ ናት? የገዛ ልጃችሁን ለሰው ልጅ መድኃኒት እንድትሆን ትድራላችሁ? ፊቷን የማያይ ባል አጠገብ ሃያ ዓመት የምትተኛው፣ "ምን ጎድሎኝ ነው" እያለች በየደብሩ ስለት የምትሳለው እሷ ናት። ሌዝቢያን ለሆነችው ደግሞ ይብሳል። "ወንድ ቀምሳ ስለማታውቅ ነው" ይባላል፤ ከዚህ አባባል ኋላ የሚታሰበውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የሰዶም ሰዎች ሎጥ በር ላይ ያሰቡትም ያንኑ ነበር።

ሕግ አለ ትሉኛላችሁ። አለ፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 በእስራት ያስቀጣል። እኔ መቅረት አለበት ባይ ነኝ፤ በዚህ ሌላ ቀን እንጣላ። የሮማው ጳጳስ የነበሩት ፍራንሲስ እንኳ የቤተ ክርስቲያናቸውን ትምህርት ሳይለቁ፣ በጥር 2015፣ ኃጢአትና ወንጀል ይለያዩ ብለዋል። ይሄው ሕግም ቢሆን ለሰፈር ጎረምሳ ዱላ አልሰጠም። ስልክ በርብር፣ ፎቶ ለጥፍ፣ ከተከራየበት ቤት አስወጣው አላለም።

እነዚህ ልጆች እርስ በርስ ሲጠራሩ ምን እንደሚባባሉ ታውቃላችሁ? "ዜጋ"። መጀመሪያ ስሰማ ሳቅሁ። ኋላ ነው ያፈርሁት።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን በኢትዮጵያዊው ጃንደረባ መኩራታችን ነው። የሐዋርያት ሥራ 8ን የማይጠቅስ ሰባኪ የለም። ጃንደረባ ማለት የተሰለበ ሰው መሆኑን ግን ማንም ቆም ብሎ አያስረዳም። ግብረ ሰዶማዊ ነበር እያልኩ አይደለም። ዘዳግም 23 እንዲህ ያለ ሰው ወደ እግዚአብሔር ጉባኤ አይግባ ይላል፤ በአካሉ ምክንያት ደጅ እንዲቆም የተጻፈበት ሰው ነበር። እሱ ግን ያን ሁሉ በረሃ አቋርጦ ሊሰግድ ኢየሩሳሌም ሄደ። ሲመለስ ሰረገላው ላይ ኢሳይያስን ያነብ ነበር፣ ምዕራፍ 53ን። ጥቅልሉን ጥቂት ቢገልጠው ምዕራፍ 56 ላይ "ጃንደረባም፦ እነሆ፥ እኔ ደረቅ ዛፍ ነኝ አይበል" የሚለውን ያገኛል። ውኃ ባዩ ጊዜ ፊልጶስን "እንዳልጠመቅ የሚከለክለኝ ምንድር ነው?" አለው። ፊልጶስ ዘዳግምን አልጠቀሰለትም። አብሮት ወረደ፣ አጠመቀው።

ያ ከበሮ መቺ ጓደኛዬ ሚስት አላገባም። አሁን አሜሪካ ነው። ባለፈው ፍልሰታ ደወልኩለት። ጾሙን ይዟል።

"እዚያ የሐበሻ ቤተ ክርስቲያን አለ አይደል እንዴ? ሂድ እንጂ" አልኩት።

ዝም አለ። ከኋላው ከኮምፒውተሩ ውዳሴ ማርያም ይሰማል።

"እዚያ የሰፈራችን ልጆች አሉ" አለኝ።