ካሜራው ሳይበራ እጅህን እንዳትዘረጋ

ለዘመናችን መጽዋቾች ምስጋና ቢያንስ እንጂ አይበዛም። በተለይ ብርድ ልብሱን ለአሮጊቷ ካቀበሉ በኋላ «ቆይ ቆይ፣ አልቀረጸም!» ሲባል ከእጃቸው ላይ ተቀብለው እንደገና ለሚሰጡት። አንድ ብርድ ልብስ ሁለቴ መመጽወት ቀላል ጽድቅ መሰላችሁ? «እማማ፣ ወደዚህ ይዩ፣ እስቲ ፈገግ ይበሉ» ይባላሉ። ፊታቸው በደንብ መታየት አለበት። ችግራቸው ካልታየ የሰጪው ደግነት በምን ይታወቃል?

የድሮ ሰዎች ይህ ሥልጣኔ አልገባቸውም። ወንጌል ቀኝህ የምትሠራውን ግራህ አትወቅ ይላል። እንዴት አድርጎ ነው የማያውቀው፣ ስልኩን የያዘው እኮ ግራ እጅ ነው! ቁርኣንም ምጽዋትን ብትገልጹት መልካም ነው፣ ደብቃችሁ ለድሆች ብትሰጡ ግን ለእናንተ ይሻላል ይላል። የእኛ ሰዎች «መልካም ነው» የሚለው ላይ ደርሰው ንባቡን አቆሙ። በ12ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው አይሁዳዊ ሊቅ ማይሞኒደስ ደግሞ ምጽዋትን በ8 ደረጃ ከፍሎ፣ ሰጪና ተቀባይ የማይተዋወቁበትን ከላይ ሁለተኛው ላይ አስቀምጦታል። ምስኪን፣ ተከታይ ማፍራት የሚባል ነገር አላሰበም።

ከሁሉ ደስ የሚለኝ ግን የሥራ ክፍፍሉ ነው። ጌቶች መድረክ ላይ ናቸው፣ «አቶ እገሌ ይህን ያህል!» ይባላል፣ ይጨበጨባል። ሴቶቹ ከአዳራሹ ጀርባ እጅጌያቸውን ሰብስበው ሌሊቱን ያበሰሉበትን ድስት እየፈገፈጉ ነው። ደረሰኝ የማይቆረጥለት ነገር ምኑ ይጠራል? መጨረሻ ላይ «እናቶቻችንም ተባረኩ» ተብለው በጅምላ ይመረቃሉ። በቃ፣ ሒሳቡ ተዘጋ።

አጥኚዎቹም ይህን ጥበብ በቁጥር ይመሰክሩለታል። ፒው የተባለው የጥናት ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2016 እንዳወጣው፣ በዓለም ላይ ሃይማኖት አለኝ የሚሉት ከሴቶች 83.4 በመቶ፣ ከወንዶች 79.9 በመቶ ናቸው። በእምነቱ ሴቶች ከበለጡ ማይኩ ለወንዶች መሆኑ ፍትሕ ነው፣ ሁሉንማ ለእነሱ አይሰጥም። እ.ኤ.አ. በ2003 ደግሞ ስለ አሜሪካ ባለትዳሮች የወጣ ጥናት አለ። ባልና ሚስት ለማን እንስጥ በሚለው ካልተስማሙ ነገሩ በአብዛኛው ወደ ባልየው ምርጫ ያደላል። ሴቶች ለብዙ ቦታ ትንሽ ትንሽ ማካፈል ይቀናቸዋል፣ ወንዶች ለጥቂቱ ዳጎስ አድርገው ይሰጣሉ። ባልየው እውነት አለው! አሥር ቦታ የተበታተነ ገንዘብ የትኛው ባነር ላይ ይጻፋል?

(ለነገሩ ካሜራ የግድ ሌንስ አያስፈልገውም። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣ ሌላ የአሜሪካ ጥናት ሰዎች ለጠያቂ የተናገሩትን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከተቆጠረው ሕዝብ ጋር ሲያስተያይ፣ የተገኘው ሰው እሄዳለሁ ካለው ግማሽ ያህሉ ሆነ። መጠይቅ የያዘ ሰው ሲመጣ ሁሉም ይጸድቃል።)

እና ሰጪ ወገኖቼ፣ በርቱ። የዚያች ሁለት ሳንቲም የጣለች መበለት ዕጣ እንዳይደርስባችሁ ብቻ። ያላትን ሁሉ ሰጥታ ስሟን እንኳ የሚያውቅ የለም። ጥፋቱ የራሷ ነው፣ ከመጣሏ በፊት ለመድረክ መሪው በብጣሽ ወረቀት ጽፋ ማቀበል ነበረባት።