ዘንዶውን ለልጆቻችን

የሰባት ዓመት ልጄ ባለፈው ቅዳሜ ቸርችል ጎዳና፣ አንድ የባህል ዕቃ ሱቅ ውስጥ፣ ንቅንቅ አልልም አለች። ግድግዳው ላይ የንግሥተ ሳባ ሥዕል ተሰቅሏል። ታውቁታላችሁ፤ ብዙውን ጊዜ በ44 ትንንሽ ሣጥኖች ተከፍሎ የሚሣለው፣ እንደ ጽሑፍ ከግራ ወደ ቀኝ የሚነበበው። «ዘንዶው ለምንድን ነው ፍየሏን የሚበላት?» አለችኝ።

እዚያው ቆሜ ነገርኳት። ዘንዶው አርዌ ይባላል፤ ንጉሥ ነበር። ሕዝቡ ከብትና ልጃገረድ ይገብርለታል። አንድ ሰው ለፍየል መርዝ አብልቶ ፍየሏን ሰጠው። ዘንዶው ሞተ፣ ሰውየው ነገሠ። ማክዳ የሱ ልጅ ናት።

በአክሱም በኩል የሚተረከው ደግሞ የበለጠ ልብ ይሰቅላል። እዚያ የዘንዶው ደም ልትገበርለት የታሰረችው ልጅ እግር ላይ ጠብ ይልና ተረከዟ የአህያ ይሆናል። መድኃኒት ፍለጋ ከታማኝ ባልንጀራዋ ጋር፣ ሁለቱም እንደ ወንድ ለብሰው፣ ኢየሩሳሌም ይሄዳሉ። የሰሎሞንን ደጃፍ ስትረግጥ እግሯ ይድናል። በኋላ ልጇ ምኒልክ አባቴን ካላየሁ ይላል። መስታወት ትሰጠዋለች፤ አባትህ አንተን ይመስላል ብላ። ሰሎሞን ሊፈትነው ሌላ ሰው ዙፋኑ ላይ አስቀምጦ፣ ቡትቶ ለብሶ ጋጣ ውስጥ ይደበቃል። ልጁ መስታወቱን ያያል። ዙፋኑ ላይ ያለውን ያያል። አይደለም። ፈልጎ ፈልጎ ከጋጣው ያገኘዋል።

አስማቱም፣ ታማኝነቱም፣ የዘር ፍለጋውም እዚህ አለ። ልጆቻችን ይሄንኑ በእንግሊዝኛ ካርቱን ውስጥ ይፈልጉታል። እኛ ሥዕሉን ጠቅልለን ለቱሪስት እንሸጣለን። ለልጅ የምንጽፈው ባመዛኙ አጭር ነው፣ መጨረሻው ላይ ምክር የተለጠፈበት። አባባ ተስፋዬ ከ40 ዓመት በላይ በቴሌቪዥን ተረት ሲያወሩ ጆሯችንን ሰጥተን ነው ያደግነው። ጥማቱ አለ። እኔ የምፈልገው ወፍራም መጽሐፍ ነው። ልጅ ብርድ ልብስ ውስጥ ተደብቆ በስልክ መብራት የሚጨርሰው።

«ይህ እምነትና ታሪክ ነው፣ አትነካኩት» የሚሉ አሉ። ስሜቱ ይገባኛል። ግን አያቶቻችን ራሳቸው እንደየአገሩ አንዱን ጨምረው፣ አንዱን ትተው ነው ያወረሱን። ለልጅ መተረክ መድፈር አይደለም።

ከሱቁ ስንወጣ ልጄ «የዚያች ጓደኛዋ ስም ማነው?» አለችኝ። እኔ የሰማሁት ስሟን አይነግርም። መጽሐፉን የሚጽፈው ሰው ያውጣላት።